ከውድድር በፊት ለምን እንርበተበታለን?

በክፍሎች መካከል የሚደረገው የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር በመጪው ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ በአዳራሹ እንደሚጀመር የሚገልጸው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ውድ አንባቢያን አይታችሁታል ብለን እናምናለን። ታዲያ ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ በየመኝታ ክፍሉ የምንሰማው ወሬ ስለ ራኬትና ስለ ኳስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሆድና ስለ እንቅልፍ ሆኗል። አንዱ «እኔ ከአሁኑ ሆዴ እየተላወሰ ነው» ይላል። ሌላዋ «ስሜን ሲጠሩ እጄ በረዶ ነው የሚሆነው» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ እኔ ምንም አይመስለኝ» ካለ በኋላ ሌሊት ሦስት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ሲመላለስ እናየዋለን።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የትምህርት ዓምዳችን ከውድድር በፊት ስለሚመጣው መርበትበት እንዲሆን ተስማምተናል። ከሥነ ልቦና ትምህርታችን ያገኘነውንና ከቤተ መጻሕፍት ያነበብነውን እናካፍላችኋለን። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ይህን የምንጽፈው ጥሩ ተጫዋቾች ስለሆንን አይደለም። ከዚህ ዓምድ አዘጋጆች መካከል ሁለታችን ባለፈው ውድድር በመጀመሪያው ዙር ተሸንፈን የወጣን ነን። የክፍል ሻምፒዮኖች ይህን ሲያነቡ «እናቷን ምጥ አስተማረች» ቢሉን አንቀየምም።

የምንጽፍበት ምክንያት ሌላ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በፍጻሜው ጨዋታ ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሦስት ጌም ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የክፍላችን ተጫዋች (ስሙን አንጽፍም፤ እሱም ይህን ማንበቡ አይቀርም) 2 ለ 0 እየመራ ነበር። በሦስተኛው ጌም 9 ለ 7 ደረሰ። ሰርቩም የእሱ ነበር። እኛ ከኋላው ከበሮ ይዘን «ሁለት ቀረ! ሁለት ቀረ!» እያልን አዳራሹን አናወጥነው። አንዳንዶቻችን ተሸክመን ልናዞረው እጅጌያችንን መሰብሰብ ጀምረን ነበር። የመጀመሪያው ሰርቭ መረብ ላይ ቀረ። ያበረታነው መስሎን ጩኸቱን ጨመርን። ሁለተኛውም መረብ ላይ ቀረ። 9 እኩል። ተጋጣሚው በተራው ሰርቭ አድርጎ ሁለቱንም አገባና ጌሙ 11 ለ 9 አለቀ። የአራተኛውንና የአምስተኛውን ጌም ነገር መተረክ አያስፈልግም።

ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በክፋት አልነበረም፤ ምን እንደምንለው ጠፍቶን ነው። እሱ ግን ያን ሊያውቅ አይችልም። ከዚያን ቀን ወዲህ ራኬት ሲይዝ አላየነውም። በቅርቡ ስለ ማስተማር ልምምድ ስንነጋገር «በጓደኞቼ ፊት እጄ የተንቀጠቀጠ ሰው፣ በማላውቃቸው 60 ልጆች ፊት ምን ልሆን ነው?» አለን። ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው። ማናችንም አልሳቅንም።

እንግዲህ በመጀመሪያ መርበትበት ማለት በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሆነ እንይ። ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አእምሯችን አደጋ ወይም ከባድ ነገር መጣ ብሎ ሲገምት በነርቭ በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ ዕጢዎቹም አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ፈጥኖ ይመታል። ጉበት ካከማቸው ስኳር ለጡንቻ ስንቅ ይልካል። ደም ከቆዳና ከሆድ ዕቃ ቀነስ ብሎ ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ያዘነብላል። የእጃችን መቀዝቀዝ ከዚህ የመጣ ነው፤ የሆዳችንም መላወስ እንዲሁ። ምራቅ ስለሚቀንስ አፍ ይደርቃል። አድሬናሊን ጣቶችንም ያንቀጠቅጣል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚያደርገው መሰናዶ መሆኑን አስረድቷል።

ይህም ማለት በሌሊት ጅብ ያጋጠመው ገበሬና ስሙ የተጠራ ተጫዋች በደማቸው ውስጥ የሚዞረው ነገር አንድ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው። ለጅቡ የሚያስፈልገው ሩጫ ወይም ዱላ ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ግን ክብደቷ 2.7 ግራም ነው። መረቡም ከጠረጴዛው ከፍ የሚለው በ15.25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለጅብ የተሰናዳ ኃይል በዚች ኳስ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ባለፈው አይተናል።

ስለዚህ የእጅ መቀዝቀዝና የልብ መምታት የፈሪነት ምልክት አይደለም፤ ሰውነት ጉዳዩን ከቁም ነገር መቁጠሩን ብቻ ነው የሚያሳየው። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ለቦስተን ሴልቲክስ ተጫውቶ 11 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ቢል ራስል ከትልልቅ ጨዋታዎች በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ ያስመልሰው ነበር። ጓደኞቹም ሲያስመልስ ሲሰሙ ዛሬስ ደህና ነን ይሉ ነበር ይባላል። እኛ ዘንድ አንድ ተጫዋች ሲያስመልስ ብንሰማ ወዲያው ተቀያሪ ነው የምንፈልገው!

ከዚህም የተነሣ «አትፍራ!» የሚለው የተለመደ ምክራችን ብዙም አይጠቅምም። አድሬናሊኑ ከተለቀቀ በኋላ «አትፍራ» ማለት የተነሣን አቧራ ተቀመጥ እንደማለት ነው። ጥያቄው የመጣውን ነገር ምን ሥራ እንስጠው የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ተመልካች እንነጋገር። እዚህ ላይ ያገኘነው ጥናት ስለ በረሮ ነው። አትሳቁ። ሮበርት ዛየንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 በረሮዎችን አወዳደሩ። (ለዚህ ጥናት የሚሆን በረሮ ከየት ይገኛል ለሚል፣ የወንዶቹን መኝታ ክፍል ቁም ሣጥን መክፈት ይበቃል።) በረሮ ብርሃን ሲበራበት ወደ ጨለማ እንደሚሸሽ ይታወቃል። ተመራማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ በረሮዎች ቀጥ ያለ መሮጫ፣ ለሌሎቹ ደግሞ መታጠፍ ያለበት ውስብስብ መንገድ አዘጋጁላቸው። ከዚያ በመንገዱ ዳርና ዳር በሚያሳዩ ሣጥኖች ውስጥ ሌሎች በረሮዎችን ተመልካች አድርገው አስቀመጡ። ውጤቱ ምን ሆነ? ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ያሉት በተመልካች ፊት ፈጠኑ። መታጠፍ ያለባቸው ግን ተመልካች ሲኖር ዘገዩ።

ዛየንስ ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1965፣ ምክንያቱን እንዲህ ብለው አስቀምጠው ነበር። ሌሎች ሲኖሩ ሰውነት ይነቃቃል፤ የነቃ ሰውነት ደግሞ ለእጁ ቅርብ የሆነውን፣ በጣም የለመደውን ነገር ያወጣል። በደንብ የተለመደ ሥራ ከሆነ ይሻሻላል፤ ያልተለመደ ከሆነ ይበላሻል። ከዚህ ለቅዳሜ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ልምምዱን ሁልጊዜ በባዶ አዳራሽ ማድረግ አይጠቅምም። ሁለት ሦስት ጓደኛ ጠርቶ፣ ነጥብ እያስቆጠሩ፣ ቢቻል ትንሽ እያሾፉ መለማመድ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ሐሙስ ማታ የተማሩትን ጠመዝማዛ ሰርቭ ቅዳሜ 9 ለ 9 ላይ ማውጣት አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በዚያ ሰዓት የሚያዋጣው ተኝታችሁም የምታውቁት ሰርቭ ነው።

«ቆይ እንጂ፤ ያ ተጫዋች ሰርቩን በደንብ ያውቀው አልነበረም እንዴ? ስንት ወር ሲለማመድ አይተነዋል» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። እዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት ልምድ ያላቸው የእግር ኳስ ተጫዋቾች በተደረደሩ ምልክቶች መካከል ኳስ እየገፉ እንዲያልፉ ተደረገ። አንድ ጊዜ በቴፕ የሚሰማ ቃል እየተከታተሉ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ኳሷን በየትኛው የእግራቸው ጎን እንደነኳት እያስተዋሉ። እግራቸውን ሲያስተውሉ ዘገዩ። ጀማሪዎቹ ግን በተቃራኒው እግራቸውን ሲያስተውሉ ነበር የተሻሉት። ጀማሪ በየርምጃው ማሰብ ይጠቅመዋል፤ የለመደ ሰው ግን እጁ የሚያውቀውን ነገር አእምሮው ልቆጣጠረው ሲል ይደናቀፋል። ደረጃ ሲወርዱ እያንዳንዱን እግር እያሰቡ ለመውረድ ሞክሩ፤ ያኔ ይገባችኋል።

ጓደኛችን አንድ ቀን ስለዚያ ጨዋታ ሲያጫውተን «ሁለቱን ሰርቭ ስመታ የእጄን አንጓ ነበር የማየው» ብሎናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ «ሁለት ቀረ!» ስንለው ዓይኑን ከኳሷ ላይ አንሥተን ዋንጫው ላይ አደረግንበት። እሱ ደግሞ ዋንጫው እንዳያመልጠው ብሎ የገዛ እጁን መጠበቅ ጀመረ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስለ ዋዜማው ብዙ አንልም። ጫማ፣ ፎጣና ራኬት ማታውኑ ይዘጋጅ። ስንት ሰዓት እንደምትጫወቱና ከማን ጋር እንደደረሳችሁ ዐርብ ዕወቁ። የሰዓት ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5 ሺህ ሜትሩ ማጣሪያ ሲነሣ በቦታው ባለመገኘቱ አመለጠው። የ1976ቱ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ሳትሳተፍ አለፈ። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀት በወርቅ እስኪያሸንፍ ድረስ 8 ዓመት ጠበቀ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለ ከእንቅልፍ ጋር ግብ ግብ አትግጠሙ፤ ጋደም ማለቱም ያሳርፋል። ጧት የለመዳችሁትን ሻይና ዳቦ ብሉ። ቡና የማይጠጣ ሰው ለንቃት ብሎ የዚያን ዕለት ሁለት ስኒ አይጀምር፤ ቡናም ለብቻው እጅ ያንቀጠቅጣል።

ልብ መምታት ሲጀምር ለራሳችን የምንለው ቃል ዋጋ አለው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች በሌሎች ፊት እንዲዘፍኑ፣ ንግግር እንዲያደርጉና የሒሳብ ጥያቄ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ሠሩ። ሲታሰብ ነገሩ እውነትነት አለው። ፍርሃትም ጉጉትም ልብን ያስመታሉ። ልቡ እየደለቀ «ተረጋግቻለሁ» የሚል ሰው ለራሱ እየዋሸ ስለሆነ ሰውነቱ አያምነውም። «ጓጉቻለሁ፤ ጨዋታው ይጀመር» ሲል ግን ልቡን ሳያቆም ስሙን ብቻ ነው የሚቀይርለት።

እስትንፋስም እንዲሁ ይረዳል። አየር ስናስገባ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ስለዚህ ማስወጫውን ከማስገቢያው ማስረዘም ነው። እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። በኃይል መተንፈስ ግን ራስ ያዞራል፤ አንዱ አዘጋጃችን ሞክሮ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል።

ከሁሉ በላይ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር የጨዋታው ሕግ ራሱ ለተርበተበተ ሰው ማረፊያ ያስቀመጠ መሆኑን ነው። ብዙዎቻችን ሕጉን የምናነበው ዳኛ ላይ ለመጮህ ስለሆነ ይህን አናስተውልም። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በጠረጴዛው ላይ እስከ 2 ደቂቃ መሟሟቅ ይፈቀዳል። ይህን ጊዜ ተጋጣሚን ለማስፈራራት ኃይለኛ ኳስ በመምታት ማባከን የለብንም፤ የእጃችን ቅዝቃዜ እንዲለቅ ቀላል ቀላሉን እንምታ። በየ6 ነጥቡ ላብን በፎጣ ለመጥረግ አጭር ጊዜ ይፈቀዳል። ላብ ባይኖርም ፎጣው ዘንድ ሂዱ። በጌምና በጌም መካከል እስከ 1 ደቂቃ ዕረፍት አለ። በተጨማሪም እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ውስጥ አንድ ጊዜ የ1 ደቂቃ ዕረፍት መጠየቅ ይችላል። ያን ቀን በ9 እኩል ጓደኛችን ይህችን አንድ ደቂቃ አልተጠቀመባትም ነበር። ከእኛም ከመቶው ጮኺ ውስጥ አንድ እንኳ ያስታወሰው አልተገኘም። ለመጮህ አፋችንን ከምንከፍት ያቺን አንድ ቃል ብንነግረው ኖሮ!

ሰርቩም ራሱ ማረፊያ አለው። ኳሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ ዝም ብላ መቀመጥ አለባት፤ ከዚያም ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቀጥ ብላ መወርወር አለባት። ኳሷ መዳፍ ላይ የምትቀመጥባት ቅጽበት የእናንተ ናት፤ ሌላ ማንም አይነካባችሁም። እኛ የተለማመድነው እንዲህ ነው። ኳሷን መዳፍ ላይ እናስቀምጣለን። አየሩን እስከ መጨረሻው እናስወጣለን። ኳሷ በተጋጣሚ ጠረጴዛ ላይ የምታርፍበትን ቦታ በዓይናችን እንመርጣለን፤ ጥግ ከሆነ ጥግ፣ መሐል ከሆነ መሐል። ከዚያ እንወረውራለን። በየልምምዱ ያለ ለውጥ ይህን ስናደርግ ሁለት ሳምንት ሆነን። በጣም ቀላል ነው፤ አሰልቺም ነው። ግን 9 ለ 7 ላይ አእምሮ የሚይዘው ነገር ሲያጣ የእጅ አንጓን ይይዛል፤ ይህ ልማድ ካለው ግን ጥጉን ይይዛል። «መረብ እንዳልነካ» ብሎ ማሰብ አይጠቅምም። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለዚህ ነው። መረቡን እያሰበ የሚመታ ሰው ዓይኑም መረቡን ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ተመልካቾች እንመለስ። በክፍላችን ስብሰባ ላይ የሚከተለውን ተስማምተናል፤ ሌሎች ክፍሎችም ቢስማሙበት ደስ ይለናል። ተጫዋች ኳስ መዳፉ ላይ ካደረገ በኋላ ዝም እንላለን። ነጥብ ሲገባ እንጨፍራለን፤ ከበሮውም በጌምና በጌም መካከል ይመታል። የቀረውን ነጥብ መቁጠር ክልክል ነው፤ እሱ የዳኛው ሥራ ነው። በዚህ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። «ታዲያ ድጋፍ ምኑ ላይ ነው? ለቅሶ ቤት መጣን እንዴ?» ያሉ ነበሩ። ከበሮው እንዳይቀር ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ትክክልም ናቸው። ሁለተኛው ስምምነት ግን ያለ ክርክር ነው ያለፈው። ቅዳሜ የተሸነፈ የክፍላችን ልጅ ምሳውን ብቻውን አይበላም። ምን እንደምንለው ቢጠፋን እንኳ ሳህናችንን ይዘን አጠገቡ እንቀመጣለን፤ ስለ ወጡ እናወራለን።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለዋንጫ ብቻ እንዳልሆነ ሳይገባችሁ አልቀረም። በሚቀጥለው ወር ወደ ማስተማር ልምምድ እንወጣለን። መምህራችን የምዘና ቅጹን ይዘው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ከፊት 60 ጥንድ ዓይን አለ። በሚያሳይ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡት በረሮዎች ማለት እነዚህ ናቸው (መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልን)። በዚያም ቢሆን እጅ ይቀዘቅዛል፤ ጠመኔም ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ የትምህርት ዕቅዳችንን የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ተኝተንም እስክናውቀው ድረስ በጓደኞቻችን ፊት እንለማመደው። ሰሌዳውን ማጥፋት፣ ቀኑን መጻፍ፣ ዞር ብሎ አየር ማስወጣት፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ መርጦ ለእሱ መናገር። ይህ የእኛ ሰርቭ ነው። ዋዜማውን ደግሞ የሚያስጨንቀንን ነገር ለ10 ደቂቃ ወረቀት ላይ መጻፍ ሳይረዳ አይቀርም። ራሚሬዝና ባይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ፈተና በጣም የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ከፈተናው አስቀድመው ጭንቀታቸውን ሲጽፉ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ወረቀቱን ለማንም ማሳየት የለባችሁም።

የውድድሩ የምዝገባ ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተለጥፏል። ምዝገባው ዐርብ ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓት ይዘጋል። የክፍላችን ተጫዋቾች አምስት መሆን ሲገባቸው እስከ ዛሬ የተጻፈው የአራት ሰው ስም ነው፤ 4ኛውን መስመር ዘለነው። ባዶ የተተወው በስሕተት አይደለምና ሌላ ሰው እንዳይጽፍበት። ልምምድ በየማታው ከእራት በኋላ ነው። ሰሞኑን ጠረጴዛው አንድ እግሩ ስለሚወላገድ በታጠፈ ካርቶን አስደግፈነዋል፤ እባካችሁ ካርቶኑን አታንሡት። እስክሪብቶውም በክር የታሰረው ለሁላችን ነው።